በቆሎን ማን ሰጠን?

ቦ ናሲሌሌ ሙዩንዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ምስክርነት ሲጽፉ ኖረዋል። ሞንጉ ከተማ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበሩ፤ «ቦ» እኛ ዘንድ ከትልቅ ሰው ስም የሚቀድም የአክብሮት ቃል ነው። የከብት ሌባው፣ ድንበር ገፊው፣ ሚስቱን ጥሎ የጠፋው፣ የባሏን መረብ የሸጠችው፣ ሁሉም በእሳቸው ጣት በኩል አልፏል። ዳኛው ይቀያየራል፤ ጠበቃው ይመጣል ይሄዳል፤ የጽሕፈት መኪናው ራሱ ሄዶ በቦታው ኮምፒውተር መጥቷል። ቦ ናሲሌሌ ግን ከመስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ንቅንቅ አላሉም።

ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዘውት የወጡት ነገር አንድ ጥያቄ ነው። ምስክር ቆሞ «እገሌ ላሚቱን ነድቷል» ሲል ዳኛው ቀና ይልና «አየህ ወይስ ሰማህ?» ይለዋል። «ሰማሁ» ካለ ደግሞ፣ «ማን ነገረህ?» ይህች ጥያቄ አጥንታቸው ድረስ ገብታ ነበር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «እቺን ሴት አግብቼ ሐሜት እንኳ አልጣመኝም» ይሉ ነበር አሉ። ጎረቤት መንታ ወለደች ሲባል «ማን ነገረህ?»፤ ዓሣ ተወደደ ሲባል «ማን ነገረህ?»

እኔ ያወቅኋቸው ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር ነው። ያኔም አሁንም «የሜዳው ድምፅ» በምትባለው ሬዲዮ ጣቢያችን የድምፅ ቴክኒሻን ነኝ። ጣቢያችን ከአንድ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ፎቅ ላይ ናት። አለቃችን ሙንዲያ ሥራ አስኪያጅም፣ ዜና አንባቢም፣ ሙዚቃ መራጭም እሱ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በዘፈንና በዘፈን መሀል ወሬ ሲያጣ፣ የቻይናው ታላቅ ግንብ ከጨረቃ ላይ ሆኖ ይታያል አለ። ዘፈኑ ሳያልቅ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ጠየም ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት በሩን ከፍተው ገቡ።

«ግንቡን ከጨረቃ ላይ ሆኖ ያየው ማነው?» አሉ።

ሙንዲያ ብድግ አለ። «እንደምን አደሩ፣ እናቴ። ቁጭ ይበሉ እስቲ።»

«አልቀመጥም። ማነው ያየው?»

«ያው... የታወቀ ነገር እኮ ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«ልጄ፣ ‹ሁሉም ሰው ያውቀዋል› የሚል ምስክር ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ። አንዱም ሲረታ አላየሁም። ጨረቃ ላይ የወጡት ሰዎች ተጠይቀው አላየንም ብለዋል። አንተ ከእነሱ ይልቅ ለጨረቃ ትቀርባለህ?»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ገመድ የምፈልግ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሙንዲያ ግን በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። «እንግዲያው ይምጡና ያስተምሩን» አለ። «ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ባዶ አለኝ። የሰው ጥያቄ እርስዎ ይመልሱ።» ቀልዱን ነበር። ቅዳሜ ሩብ ጉዳይ ለአራት ሲሆን ቦ ናሲሌሌ የተማሪ ደብተር ታቅፈው፣ ሁለት እርሳስ ቀርጸው፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቁጭ ብለው ጠበቁት። ዝግጅቱ ስም ይፈልጋል ሲባል ጊዜ አላጠፉም። «ማን ነገረህ?» ይባል አሉ።

መጀመሪያ ሰው የደወለው ሊስቅባቸው ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ጥያቄው እንደ ጎርፍ መጣ። ሰው በየሆዱ ስንት ነገር ቀብሮ እንደሚኖር ያወቅሁት ያኔ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሞንዴ የፈረንሳይ ነገሥታት ለምን የሰው ፀጉር ይደርቡ እንደነበር ጠየቀች። አንድ ንጉሣቸው በወጣትነቱ ራሱ ተመልጦ እንደጀመረው፣ ሹማምንቱም እሱን ላለማሳፈር ይሁን ለመምሰል እንደተከተሉት ነገሯት። «እንዴት ያለ ገበያ አመለጠኝ!» አለች ሞንዴ በአየር ላይ። ወደ አንጎላ የሚመላለስ ሾፌር ድንበሩን ሲሻገር መንገዱ ከግራ ወደ ቀኝ የሚለወጥበት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ መንጠቆን መጀመሪያ የሠራው ማን እንደሆነ ለማወቅ ወንዙ መሀል ካለ ደሴት ድረስ ቀዝፎ መጣ።

«እስካሁን ከተገኙት እጅግ አሮጌዎቹ በእስያ ደሴቶች ላይ የተገኙ ናቸው» አሉት። «ከቀንድ አውጣ ቅርፊት የተቀረጹ። ከሃያ ሺህ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል።»

«ስለዚህ የመጀመሪያው እሱ ነው?»

«አይደለም። የተገኘው እሱ ነው። የመጀመሪያው ዓሣ ሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላል።»

ሰውየው እየሳቀ ሄደና ማታውኑ ሁለት ትልልቅ ዓሣ ላከላቸው።

መልስ የሚያመጡት ከየትም ነበር። ከሚሲዮኑ ቤተ መጻሕፍት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የታሪክ መምህር፣ አንድ ሰው ከሉሳካ ካመጣላቸው ሁለተኛው ክፍል ከጠፋበት ወፍራም መዝገበ ዕውቀት። እኔም በስልኬ እፈልግላቸዋለሁ። «ቦ ናሲሌሌ፣ ይኸው አገኘሁት» ስላቸው መነጽራቸውን አድርገው ያዩትና «ስልኩንስ ማን ነገረው?» ይላሉ። ሁለት ምንጭ ካልተስማማ አየር ላይ አያወጡትም። ደብተራቸው ላይ እያንዳንዱ መልስ ፊት ለፊቱ አንድ ቃል ይጻፋል፦ «የተጻፈ»፣ «የተነገረ»፣ ወይም «ማንም አያውቅም»። ይህን ሦስተኛውን ሲናገሩ ድምፃቸው አይቀንስም። እንዲያውም ከፍ ይላል። «ይህን ማንም አያውቅም፤ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ማን እንደነገረው ይንገረኝ» ይላሉ። ሰው የወደደላቸው ይህንን ይመስለኛል። በእኛ አገር አላውቅም የሚል ትልቅ ሰው እንደ ነጭ ጉማሬ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ የበቆሎው ጥያቄ መጣ።

ጠያቂዋ ገበያ ውስጥ ዱቄት የምትሸጥ ሴት ናት። «ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ በቆሎ ከአሜሪካ ነው የመጣው አለኝ» አለች። «አማቴ ደግሞ በቆሎን ለእኛ የሰጠን እግዚአብሔር ነው፣ ልጁን ግረፊው ትላለች። ልግረፈው ወይስ ልተወው?»

«ልጁን አትንኪው» አሉ ቦ ናሲሌሌ። «የተጻፈ ነው። በቆሎ የተገኘው ከባሕር ማዶ፣ ዛሬ ሜክሲኮ ከሚባለው አገር ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች ከሣር አንስተው፣ ዘር እየመረጡ፣ በብዙ ሺህ ዓመት ልፋት በቆሎ አደረጉት። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ፖርቹጋሎች በመርከብ አምጥተው ሰጡን። ከዚያ በፊት የእኛ ሰው የሚበላው ማሽላና ዳጉሳ ነበር።»

እኔ ይህን ሲሉ ድምፁን እያስተካከልኩ ነበር፤ ምንም አልታየኝም። ስልኩ ግን እስከ ቀትር ድረስ አላረፈም። አንዷ እያለቀሰች ደወለች። አንዱ «ቡሆቤ የእኛ ካልሆነ ምን የእኛ የሆነ ነገር አለ?» አለ። ቡሆቤ ማለት ያው የየዕለቱ የበቆሎ ገንፏችን ነው፤ ያለ እሱ ምሳ ምሳ አይባልም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቦ ዋሙኒማ የሚባሉ ሽማግሌ ደረጃውን ወጡ።

ቦ ዋሙኒማ ሜዳው መሀል ላይ ያለ መንደር ሹም ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው፤ በወጣትነታቸው ጆሃንስበርግ የወርቅ ማዕድን ውስጥ ሠርተዋል፤ ዘንጋቸውን ሲያነሱ ጎረምሳው ሁሉ መንገድ ይለቃል። የጣቢያው ወለል ላይ ዘንጋቸውን ኳ አድርገው ሙንዲያን ጠሩት።

«ያቺ የፍርድ ቤት ሴት የት አለች?»

«ቅዳሜ ነው የሚመጡት፣ ንዳቴ» አለ ሙንዲያ እጁን እያጨበጨበ፤ በእኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው ሰላምታ እንዲህ ነው፤ ንዳቴም ‹አባቴ› ማለት ነው።

«እንግዲያው ንገራት። እኔ ከምድር በታች ሁለት ሺህ ክንድ ወርጄ የነጭን ወርቅ ቆፍሬያለሁ። ወርቁን ወሰዱ፤ ዝም አልን። መሬቱን ወሰዱ፤ ዝም አልን። አሁን ደግሞ የምንበላውንም የሰጠናችሁ እኛ ነን ሊሉ ነው? በገዛ ልጃችን አፍ? ሰው ከሆነች መንደሬ ድረስ ትምጣና በአባቶቼ ፊት ትድገመው። የተናገረችበትንም ድምፅ ይዛ ትምጣ።»

ሙንዲያ ፈራ። የመንደር ሹም መቀየም ለጣቢያ ጥሩ አይደለም። ወደ ቦ ናሲሌሌ ቤት አብሬው ሄድኩ። ጓሯቸው ጎመን እያረሙ ነበር።

«ቢቀርስ?» አላቸው ሙንዲያ። «ቅዳሜ ይቅርታ ጠይቀን ሌላ ጥያቄ እንመልስ። ስለ ቻይና ለምሳሌ።»

እሳቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ወደ ችሎት ስጠራ ኖሬ፣ እኔ ስጠራ ልቅር? ሊስዋኒሶ!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «የዚያን ቀኑ ድምፅ አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ሐሙስ ታንኳ ይፈለግ።»

ሜዳችንን በየዓመቱ የሚያጥለቀልቀው የወንዙ ውኃ ገና መሙላት የጀመረበት ጊዜ ነው። ሣሩ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ ሁለት ቀዛፊዎች ቆመው እየገፉ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። ቦ ናሲሌሌ መንገዱን ሁሉ ደብተራቸውን ሲያነቡ ነበር፤ አንዴ ብቻ ቀና ብለው «ትክክል ነኝ» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። እውነት ለመናገር ትክክል መሆናቸውን አልተጠራጠርኩም። የፈራሁት ትክክል ሆነው፣ ግን ሰው ሁሉ ተቀይሟቸው እንዳይመለሱ ነበር።

መንደሩ ጉብታ ላይ ነው። ትልቅ ማንጎ ዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ተንበርክከን አጨብጭበን ሰላምታ ሰጠን፤ ተቀበሉን። ከዚያ በትልቅ ሳህን የተጠበሰ እሸት በቆሎ መጣ። የዓመቱ የመጀመሪያ እሸት ነበር። ቦ ናሲሌሌ አንዱን አንስተው ሲግጡ ቦ ዋሙኒማ አዩዋቸው።

«የሰው አገር ምግብ ይጣፍጣል?»

«በጣም ይጣፍጣል፣ ንዳቴ። ጨው ብቻ ያንሰዋል» አሉ ቦ ናሲሌሌ። ሴቶቹ ከኋላ ኪኪ አሉ።

ክርክሩ ተጀመረ። ቦ ዋሙኒማ ተነሥተው የአባቶቻቸውን ስም እስከ ሰባት ትውልድ ቆጠሩ። «እነዚህ ሁሉ እዚህች ጉብታ ላይ ተወልደው እዚሁ ተቀብረዋል። እነዚህ በቆሎ አልበሉም ትያለሽ?»

«ሁሉም አልበሉም አላልኩም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ መልሱን እርስዎ ያውቁታል፣ እኔ አላውቀውም። እህል ሲሰበሰብ ለአባቶች መቃብር ላይ ዱቄት የሚበትነው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን?»

«የምን ዱቄት?»

«የማሽላ ነዋ!»

«ቤትዎ ውስጥ ማሽላ አለ?»

«ለዚያ ተብሎ ይዘራል። ከዚያች ጥግ።»

«ዓመቱን ሙሉ የምትበሉት በቆሎ ነው። ጎተራው በበቆሎ ሞልቷል። ለአባቶች ግን ተፈልጎ፣ ለብቻው ተዘርቶ ማሽላ ይሰጣል። ለምን በቆሎውን አትሰጧቸውም?»

ቦ ዋሙኒማ ወደ ጎተራቸው ዞር ብለው አዩ። ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ «በቆሎን አያውቁትማ!» አለ። ያን ጊዜ የሳቅ ፍንዳታ ሆነ፤ ሹሙ ራሳቸው ጢማቸውን ይዘው ወደ መሬት አዩ።

አንድ ሰው ሊረዳቸው ፈልጎ «እሺ በቆሎው ይሁን» አለ። «ቢያንስ ይሄ የተቀመጥንበት ማንጎ የእኛ ነው!»

ቦ ናሲሌሌ ወደ ቅርንጫፉ ቀና አሉ። «ማንጎው ከህንድ ነው።»

«ኧረ ተዪን! ጥላው እንኳ ይቅርልን!»

ሰው ሳቁን እስኪጨርስ ትንሽ ቆየ። ቦ ናሲሌሌ ደብተራቸውን ዘጉ። አሸንፈዋል፤ ሁላችንም አውቀነዋል። የቦ ዋሙኒማ ታላቅ እህት የተናገሩት ያኔ ነው። ቦ ኖሲኩ ይባላሉ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ሴት ናቸው። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

«ድምፁን አምጡ ተብሎ አልነበረም? እስቲ አሰሙኝ» አሉ።

ከስልኬ ላይ ከፈትኩት፤ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሰው ሁሉ ተጠግቶ ሰማ። ከባሕር ማዶ... ሜክሲኮ... ፖርቹጋሎች በመርከብ አምጥተው ሰጡን...

«ቁም!» አሉ። «መልሰው።»

መለስኩት።

«‹ሰጡን›» አሉ ቦ ኖሲኩ። «ማን ለማን ሰጠ? እዚህ ሜዳ ላይ መርከብ መጥቶ ያውቃል? ልጄ፣ አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

የቦ ናሲሌሌ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሌላ ሰው አፍ አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም፤ የገዛ ቃላቸው ግን አመለጠቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ አንድ ነገር ብለው ያልፉታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀላል ነበር፤ ከበቂ በላይ አሸንፈው ነበርና። እሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ምንጣፉ ሄዱ፤ አሮጊቷ ፊት ተንበረከኩ፤ አጨበጨቡ።

«ሻንግዌ፣ እናቴ» አሉ፤ እጅ ነሥቻለሁ እንደማለት ነው። «አላየሁም። አልሰማሁምም። መርከቡ ባሕሩ ዳር ነው የቆመው። ከባሕሩ እስከዚህ ሜዳ ድረስ ስላለው መንገድ ያነበብኩት ምንም የለም። ‹ሰጡን› ያልኩት ከኪሴ አውጥቼ ነው። ሹሙ የተቆጡት በዚያች ቃል ከሆነ እውነት አላቸው።»

ቦ ዋሙኒማ ዘንጋቸውን አንሥተው «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አሉ፤ ግን ቀስ ብለው ነው።

«እኔ የሰማሁትን ልንገርሽ» አሉ ቦ ኖሲኩ። «አያቴ ስትነግረኝ፣ እናቷ የመጣችው ከፀሐይ መግቢያ አገር ነው። ለጋብቻ። ወንዝ ተሻግራ፣ ጫካ አቋርጣ፣ አንድ ወር ያህል በእግሯ። ስትመጣ የሽርጧ ጫፍ ላይ አሥራ አንድ ፍሬ ቋጥራ ነበር። አማቶቿ ሲያዩት ‹ይሄ ጥርስ የሚመስል ነገር ምንድን ነው? የማን ጥርስ ነው ይዘሽ የመጣሽው?› አሉ። ፈሯት። ጠንቋይ መሰለቻቸው። እሷ ምንም ሳትል ከቤቷ ጀርባ ዘራችው። ሰባቱን ወፍ በላው። አራቱ በቀሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኸው እየጋጥሽው ነው።»

ቦ ናሲሌሌ እርሳሳቸውን አወጡ። እንደ ትንሽ ልጅ አሮጊቷ ጎን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለው ይጽፉ ጀመር። ግን ያው ቦ ናሲሌሌ ናቸው። «አያትዎ ይህን አይታለች ወይስ ሰምታ ነው?» አሉ።

«ሰምታ ነው። ከእናቷ።»

«እናቷ ግን የራሷን ነው የተናገረችው።»

«የራሷን።»

«ከእሷ በፊት ሌላ ቤት በቆሎ ነበረ?»

አሮጊቷ አሰቡ። «አላውቅም። እኛ ቤት ግን አልነበረም።»

«ይመዝገብ» አሉ ቦ ናሲሌሌ፤ ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «የተነገረ። በዚህ ቤት በቆሎን ያመጣችው ከምዕራብ የመጣች ሙሽራ ናት። በሜዳው ላይ የመጀመሪያዋ እሷ ትሁን ሌላ፣ ማንም አያውቅም።»

ቦ ዋሙኒማ ወደ እህታቸው ዞሩ። «ይህን ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሏቸው።

ስንመለስ ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም። ታንኳዋ ላይ የበሬ ቀንድ የሚያክሉ ሁለት እሸቶችና አንድ ቅል የረጋ ወተት ጭነን ነበር። ቦ ናሲሌሌ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «አንድ ወር በእግር» አሉ። «ርቧት ይሆናል እኮ። አሥራ አንድ ፍሬ ሽርጧ ላይ ቋጥራ፣ አልበላችውም።» እጃቸውን ውኃው ውስጥ ከተው ፊታቸውን አጠቡ። ያለቀሱ መስሎኛል፤ ግን አየሁ ማለት አልችልም።

ዓርብ ዕለት ሙንዲያ እንዴት እንደሆነ ጠየቀን፤ ነገርነው። ነገ ተሳስቻለሁ ሊሉ እንደሆነ ሲሰማ ራሱን ያዘ።

«ቦ ናሲሌሌ፣ በአየር ላይ ተሳስቻለሁ ካሉ ከእንግዲህ ማን ያምነናል?»

«ተሳስቼ አላውቅም የሚል ምስክር ነው የማይታመነው» አሉት። «በዚያ ላይ የተሳሳትኩት በበቆሎው አይደለም። በቆሎው ከባሕር ማዶ ነው፤ ከዚያ ንቅንቅ አልልም። የተሳሳትኩት በሰጪው ነው።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ያንኑ ተናገሩ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም፤ ለዚያች አንዲት ቃል ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የወሰዱት። ከዚያ የቦ ኖሲኩን ድምፅ አሰማን። በተረፈው ጊዜ ስልክ መቀበል ነበረብን፤ ግን ጥያቄ የሚባል ነገር አልመጣም። የደወለው ሁሉ ምስክር ነበር። አንዱ የአያቱ ካሳቫ ከየት እንደመጣ ይናገራል። አንዷ የባቄላዋን ዘር እናቷ ከሴሼኬ በጡት መያዣዋ ደብቃ እንዳመጣች ትናገራለች። የዱቄት ሻጯ አማት ራሷ ደውላ፣ ልጁ እንዳልተገረፈ፣ እሷም በልጅነቷ ከአክስቷ ቤት ነጭ በቆሎ ሰርቃ እንደዘራች ተናዘዘች። ቦ ናሲሌሌ እያንዳንዱን «አየሽ ወይስ ሰማሽ?» እያሉ ጻፉ። ግማሽ ሰዓቱ አልቆ ዜና ደረሰ፤ ሙንዲያ ከመስታወቱ ማዶ ሰዓቱን ያሳየኛል፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። በሚቀጥለው ወር ዝግጅቱ አንድ ሰዓት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አልፏል። ቦ ናሲሌሌ ስድሳ አምስት ሞላቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃውን ሲወጡ ግን ማንም እንዲደግፋቸው አይፈቅዱም። በደረቁ ወራት በየመንደሩ እየዞሩ ሽማግሌና አሮጊት ይጠይቃሉ፤ እኔ ድምፁን እቀዳለሁ። መምህሩ ደብተሮቹን ለተማሪዎቹ ማስገልበጥ ጀምሯል። ቦ ናሲሌሌን በየመንደሩ የሚያስተዋውቃቸው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቦ ዋሙኒማ። በየሄዱበት «እቺ ሴት ምግባችሁን ልትወስድ መጥታለች፤ ተጠንቀቁ!» ይሉና ከጎናቸው ይቀመጣሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜም መጀመሪያ የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ወር ስለ ከብት ጠየቁ። «በቆሎውን ትቼልሻለሁ» አሉ። «ከብቱ ግን የእኛው ነው፣ አይደለም እንዴ?»

ቦ ናሲሌሌ ከሰሜን፣ እጅግ ሩቅ ከሆነ አገር፣ በብዙ መቶ ትውልድ ውስጥ እረኛው ለእረኛ እያስረከበ ቀስ በቀስ እስከዚህ ድረስ እንደወረደ፣ ይህንንም ሊቃውንት ከተቆፈረ አጥንት እንደሚያነቡት አስረዱ።

«ያን ሁሉ አገር በእግራቸው?» አሉ ቦ ዋሙኒማ።

«በእግራቸው፣ ንዳቴ።»

«እንግዲህ የእኔ በሬ ምን ነክቶት ነው ከበረት እስከ ወንዙ ለመሄድ የሚለግምብኝ?»

ቦ ናሲሌሌ መነጽራቸውን አውልቀው ማይክሮፎኑ ላይ በሳቅ ተደፉ። የዚያን ቀን ዜናው ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ ነው የገባው።